ያልተከፈተ ሳንባ፣ ያላግባብ የተወቀሰ የደም ሥር

ሳንባው ጉበት ይመስላል። ጥቁር ቀይ ነው፣ ይከብዳል፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ አይሰረጉድም። ቁራሹ ውኃ ላይ ሲጣል ይሰምጣል። አየር የገባበት ጤነኛ ሳንባ እኮ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ይሄኛው ደግሞ ሞቶ የተወለደ ልጅ ሳንባ አይደለም። ልጁ አልቅሷል፣ ተንፍሷል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ኖሯል። ታዲያ የተነፈሰው አየር የት ሄደ?

ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የሕፃናት አስከሬን የሚመረምሩ ሐኪሞች ይሄን ሳንባ በየሳምንቱ ያዩት ነበር። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት በዚህ ችግር እንደሚሞቱ ይገመት ነበር። አብዛኞቹ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሕመሙ ምክንያት እንዴት እንደተገኘ ነው። ከተገኘ በኋላም ጥፋቱ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ተላክኮ መንገዱ ለዓመታት እንዴት እንደጠፋ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሕመሙን እንየው። ልጁ ሲወለድ ደህና ሊመስል ይችላል። ከደቂቃዎች ወይም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ትንፋሹ ይፈጥናል። አፍንጫው ይርገበገባል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። አየር ሲያስወጣ ያቃስታል። ያቺ ማቃሰት አንጀት ትበላለች። ልጁ ጉሮሮውን ዘጋ እያደረገ፣ ሳንባው ጨርሶ እንዳይከደን የሚያደርገው ትግል ናት። ከዚያ ይደክመዋል። ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ ሐኪሞች ከኦክስጅንና ከማሞቂያ ሌላ የሚሰጡት ብዙ ነገር አልነበራቸውም።

መስታወት የመሰለው ሽፋን

የሳንባው ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ተከድነዋል። ወደ እነሱ የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ደግሞ ሮዝ የሚያብረቀርቅ ነገር ተለጥፏል። ጀርመናዊው ሆክሃይም ይሄን በ1903 ጽፎት ነበር። መስታወት ስለሚመስል ሃያሊን ሜምብሬን ተባለ፤ ሕመሙም በዚሁ ስም ተጠራ። ስሙ ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል ብዬ አስባለሁ። ስም ከወጣለት በኋላ ሁሉም ሽፋኑን ነው የሚያየው። ሽፋኑ ልጁን እንዳነቀው ማሰብ ቀላል ነበር።

ሲድኒ ፋርበር የሚለውን ስም የምናውቀው በልጆች የደም ካንሰር ሕክምና ነው። ከዚያ ዝናው በፊት ግን በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል አስከሬን ይመረምር ነበር። በ1932 ከዊልሰን ጋር ሆኖ ስለዚህ ሽፋን ሰፊ ጥናት አወጣ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሽፋኑ ከውጭ የገባ ይመስላቸው ነበር። ልጁ የሽርት ውኃ ወደ ሳንባው ስቦ ይሆናል ይላሉ። ወተት ትን ብሎት ነው የሚሉም ነበሩ። ልብ ደክሞ ነው ያሉም አልጠፉም።

የአስከሬን ምርመራ ክፍሎቹ ግን ሁለት ነገር ይዘው ነበር። አንደኛው፣ ሽፋኑ ሞተው በተወለዱ ልጆች ሳንባ ውስጥ አይገኝም። ከማሕፀን ውኃ የመጣ ቢሆን ኖሮ እነሱም ላይ መታየት ነበረበት። ጥቂት ሰዓት የተነፈሱት ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለተኛው በ1956 መጣ። ዴቪድ ጊትሊንና ጆን ክሬግ እዚያው ቦስተን ውስጥ ሽፋኑን በሚያበራ ቀለም መርምረው ፋይብሪን አገኙበት። ፋይብሪን ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ክር ነው። ሽፋኑ ከልጁ ከራሱ ደም ያመለጠ ነገር ነበር ማለት ነው።

ይሄ ግኝት አንድ በር ዘጋ፣ ሌላ በር ከፈተ። ወተትና የሽርት ውኃ ነጻ ወጡ። ጣት ግን ወደ ደም ሥሩ ተቀሰረ። ከደም ሥር ፈሳሽ ካመለጠ ችግሩ የደም ሥሩ አይደለም ወይ?

አረፋ የሌለው ሳንባ

ሜሪ ኤለን ኤቨሪ በ1952 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና እንደተመረቀች ብዙ ሳትቆይ የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። አልጋ ላይ ተኝታ የራሷን ሳንባ እያሰበች ከረመች። በ1957 ቦስተን ሄደች። አንድ እግሯ የመተንፈስን ፊዚክስ ከሚያጠናው ጄሬ ሚድ ላቦራቶሪ፣ ሌላው እግሯ ጨቅላ ሕፃናት ከሚታከሙበት የወሊድ ሆስፒታል ነበር። ይሄ ምልልስ ነው የጠቀማት። ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ አረፋ ያወራሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናት ይሞታሉ። ሁለቱን ያገናኘችው እሷ ናት።

የሞቱትን ልጆች ሳንባ ስታይ አንድ የጎደለ ነገር አስተዋለች። በሌላ ምክንያት የሞቱት ሳንባቸው ውስጥ አረፋ አለ። በዚህ ሕመም የሞቱት ሳንባ ውስጥ አረፋ የለም። ብዙ ሰው ያለውን ነው የሚያየው። የሌለውን ማየት ሌላ ዓይን ይጠይቃል፤ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም እደነቃለሁ።

አረፋ ለምን አስፈለገ? ልብስ ሲታጠብ አስቡት። ንጹሕ ውኃ ብታማቱት አረፋው ወዲያው ይጠፋል። ሳሙና ሲገባበት ግን ይቆያል። ውኃ ላዩ ላይ እርስ በርሱ የመሳሳብ ጉልበት ስላለው ነው። የሳንባችን የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ከረጢቱን ወደ መሃል ይስበዋል። እርጥብ ፌስታል ተጣብቆ አልከፍት ሲል የምናውቀው ነገር ነው። ጤነኛ ሳንባ ይሄን መጣበቅ የሚያሸንፍ የራሱ ሳሙና አለው፤ ሰርፋክታንት ይባላል። ሳንባ ራሱ የሚሠራው ቅባትና ፕሮቲን ነው። ፅንሱ በብዛት ማዘጋጀት የሚጀምረው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ሳሙናውን ሳይዝ ይመጣል።

ይሄ ሐሳብ ከዜሮ አልተነሣም። ኩርት ፎን ኔርጋርድ ሳንባን አንዴ በአየር፣ አንዴ በፈሳሽ ሞልቶ የሚያስፈልገውን ጉልበት አወዳድሮ ነበር፤ በ1929። በፈሳሽ ሲሞላ በጣም ይቀላል። የሰማው ግን አልነበረም። በ1950ዎቹ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ መጡ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓትልና አሜሪካዊው ጆን ክሌመንትስ የሚሠሩት የየአገራቸው ጦር የኬሚካል መሣሪያ ምርምር ጣቢያ ነበር። ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ሲያጠና ነው ፓትል ከሳንባ የሚወጣ አረፋ እንደማይጠፋ ያየው፤ ክሌመንትስ ደግሞ የመሳሳብ ጉልበቱን ለካ። ለጦርነት የተመደበ ገንዘብ የጨቅላ ሕፃናትን ምሥጢር ሲከፍት ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ኤቨሪ የክሌመንትስን ሥራ አንብባ ሄዳ አገኘችው። መሣሪያውን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀች፤ እሱም አሳያት። መሣሪያው ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ገበታ ላይ የሳንባ ጭማቂ ይፈስሳል። የፈሳሹ ስፋት ይጠብባል፣ ይሰፋል፤ የመሳሳብ ጉልበቱ ይለካል። ከሞቱት ሕፃናት ሳንባ እየወሰደች ለካች። በሌላ ምክንያት የሞቱ፣ ጊዜያቸውን የጠበቁ ልጆች ጭማቂ ሲጠብብ የመሳሳብ ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። ያ መልስ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ሕመም የሞቱት ጭማቂ ግን አልወርድም አለ። በጣም ትንንሽ ሆነው የተወለዱትም እንደዚያው።

በ1959 ከሚድ ጋር አሳተሙት። የሚያሳየው ነገር ግልጽ ነው። ሽፋኑ ልጁን አልገደለውም። ሽፋኑ ጠባሳ ነው። ገዳዩ እዚያ መኖር ሲገባው የሌለው ነገር ነው።

39 ሰዓት

ምክንያቱን ማወቅና ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሄን ዓለም ያየው በኦገስት 1963 ነው።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ኦገስት 7 ቀን ማሳቹሴትስ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ተወለደ። ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሟል። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነበር። ዛሬ ማንኛውም የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ይሄን ክብደት ብትሰማ አትደነግጥም። ልጁ ግን መተንፈስ አቃተው። ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ለልብ ቀዶ ሕክምና የተሠራ፣ የአየር ግፊቱ ከፍ የሚል ትልቅ የብረት ክፍል ነበር። ኦክስጅን በግፊት ደሙ ውስጥ እንዲገባ ብለው እዚያ አስገቡት። ኦገስት 9 ሊነጋጋ ሲል ሞተ። የኖረው 39 ሰዓት ነው።

የዓለም ኃያል አገር መሪ ልጅ ነው። የቀረ ሐኪም፣ የቀረ መሣሪያ አልነበረም። የሞተበትን ምክንያት የገለጸው ጥናት ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ያውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው የተሠራው። ኦክስጅን በግፊት መስጠት የተከደነውን ከረጢት አይከፍተውም። ከልጁ ሞት በኋላ ለሳንባ ምርምር የሚሰጠው ትኩረትና ገንዘብ ጨመረ። ሰርፋክታንቱ ከጎደለ ለምን ከውጭ አንሰጥም የሚለው ሐሳብም የሚጠበቅ ነበር።

ተሞክሯል። ውጤቱ ደግሞ ሁሉንም ወደ ደም ሥር መለሰ።

ሲንጋፖር

የዚህን ሙከራ ነገር ለመረዳት ስለ ፅንስ ደም ዝውውር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በእትብቱ ነው። ስለዚህ ከልቡ ከሚወጣው ደም ወደ ሳንባው የሚሄደው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። የሳንባው የደም ሥሮች ጠበው ተጨምድደዋል። ቀሪው ደም በልቡ ውስጥ ባለ ቀዳዳና በአንዲት አቋራጭ የደም ሥር በኩል አልፎ ይሄዳል። ልጁ ተወልዶ የመጀመሪያውን አየር ሲስብ ሁሉም ይገለበጣል። ሳንባው ይከፈታል፣ የደም ሥሮቹ ይፈታሉ፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም በደቂቃዎች ውስጥ ስምንት እስከ አሥር እጥፍ ያድጋል። አቋራጮቹ ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። በሰው ዕድሜ ውስጥ እንደዚህ ያለ ፈጣን ለውጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ይሄ ለውጥ ቢደናቀፍስ? የደም ሥሮቹ እንደተጨመደዱ ቢቀሩስ? ሳንባው ደም አያገኝም። ደም ያላገኘ ሳንባ ይጎዳል፤ ሰርፋክታንትም መሥራት ያቅተዋል። ይሄ ሐሳብ የማይረባ አይደለም። ጥሩ አድርጎ ያስረዳል።

ይሄን ሊፈትሹ ከአሜሪካ የሄዱ ተመራማሪዎች ሲንጋፖር ላይ ሠሩ። ካንዳንግ ከርባው የሚባለው የወሊድ ሆስፒታል በዓለም ላይ ብዙ ሕፃናት የሚወለዱበት ቦታ ነበር። በ1966 ብቻ 39,835 ልጆች ተወልደውበታል። በዚህ ሕመም የሚያዙ ልጆችም በዚያው ልክ ይገኛሉ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ጆን ክሌመንትስ ነው፤ ያው ሰርፋክታንትን የለካው፣ ለኤቨሪ መሣሪያውን ያሳየው ሰው።

ሁለት ነገር ሞከሩ። አንደኛ፣ የሰርፋክታንት ዋና ክፍል የሆነውን ቅባት እንደ ጉም አድርገው ለልጆቹ አስተነፈሱ። የሚያስደስት ውጤት አልመጣም። ሁለተኛ፣ የሳንባ የደም ሥርን የሚፈታውን አሴቲልኮሊን በደም ሥር ሰጡ። የአንዳንዶቹ ሳንባ ደም አገኘ፤ ኦክስጅናቸው ለጊዜው ተሻለ። ውጤቱን በ1965 ባጭሩ፣ በ1967 ደግሞ በሰፊው አሳተሙት። መደምደሚያቸው ዋናው ችግር የሳንባ ደም ማነስ ነው የሚል ነበር። የሰርፋክታንት መጥፋት ተከትሎ የሚመጣ ነገር ተደረገ።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ያዩትን ነው የጻፉት። ደም ሥሩ ጠቧል፤ ይሄ እውነት ነው። ሲፈታ ልጁ ይሻለዋል፤ ይሄም እውነት ነው። የጎደለው የትኛው ቀደመ የሚለው ጥያቄ ነው።

ስዊድን ውስጥ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ ይሄን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ነገር በ1946 አሳይተው ነበር። ድመቶች ትንሽ ኦክስጅን ያለው አየር ሲሰጣቸው የሳንባ የደም ሥሮቻቸው ይጠብባሉ። ሌላው ሰውነታችን በተቃራኒው ነው፤ ኦክስጅን ሲያጣ የደም ሥሩ ይሰፋል። ሳንባ ግን አየር ወደሌለበት ቦታ ደም መላክ ስለማይጠቅም በሩን ይዘጋል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ከሌላኛው ጫፍ ጀምሩት። ሰርፋክታንት የለም። ከረጢቶቹ ይከደናሉ። ኦክስጅን ይወርዳል። የደም ሥሩ ይጠብባል። ደም ያጣው ሳንባ የበለጠ ይጎዳል፣ ከደም ሥሩ ፈሳሽ ያመልጣል፣ ሽፋኑ ይሠራል። ሰንሰለቱ ዞሮ ራሱን ይነክሳል። የሲንጋፖር ቡድን ይሄን ክብ መሃሉ ላይ ገብቶ ነው መጀመሪያው ይሄ ነው ያለው።

ያስተነፈሱት ቅባትስ ለምን አልሠራም? ሁለት ምክንያት አለው። ጉም አየር ወደሚገባበት ነው የሚሄደው፤ የተከደነ ከረጢት ውስጥ አይደርስም። ሁለተኛው ደግሞ የኬሚስትሪ ነገር ነው። ያ ቅባት ብቻውን ሲሆን የሚለሰልሰው 41 ዲግሪ ላይ ነው። የልጁ ሰውነት 37 ነው። ብርድ ላይ እንደረጋ ቅቤ ነው የሚሆነው፤ ወጥ ላይ አይሰራጭም። በተፈጥሮ ሰርፋክታንት ውስጥ እንዲሰራጭ የሚረዱ ሌሎች ቅባቶችና ፕሮቲኖች አሉ። የተሞከረው መድኃኒት ቅርጹ ስላልተስተካከለ ወደቀ፤ የተቀጣው ግን ሐሳቡ ነው። ብዙ ሰው ሰርፋክታንት መስጠትን ለዓመታት ተወው። በመሃል የሞቱትን ልጆች ሳስብ ይሄ ክፍል ይከብደኛል።

የአስከሬን ምርመራ እዚህ ጋር ድንበሩ ይታያል። ጠረጴዛው የሚያሳየን የመጨረሻውን ምስል ነው። የተከደነ ከረጢት፣ ሮዝ ሽፋን፣ የጠበበ የደም ሥር፤ ሁሉም አንድ ላይ ተኝተዋል። ማን ማንን ጎተተ የሚለውን ምስሉ አይናገርም። ኤቨሪ የተሻለችው ማነጻጸሪያ ስለያዘች ነው። የሌሎቹንም ልጆች ሳንባ ለክታለች።

ሳንባው ሲከፈት

ቅደም ተከተሉን የለየው በሕይወት ያሉ ልጆችን ማከም ነው። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቀላል ነገር ሞከረ። ልጁ አየር ሲያስወጣ ሳንባው ጨርሶ እንዳይከደን የማያቋርጥ ለስላሳ ግፊት ሰጠ። ሲፓፕ የምንለው ነው። ሕፃኑ በማቃሰት ሊያደርግ የሚታገለውን ነገር መሣሪያው አገዘው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዘገባ ከ20 ልጆች 16ቱ ተረፉ። ለደም ሥሩ የተሰጠ መድኃኒት የለም። ሳንባው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ኦክስጅኑ ራሱ ተስተካከለ።

ኒውዚላንድ ውስጥ ሊጊንስ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ በጎችን ሲያጠና ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባል የሆርሞን መድኃኒት የተሰጣቸው ግልገሎች ሊተነፍሱ በማይገባቸው ዕድሜ ሲተነፍሱ አየ። በ1972 ከሃዊ ጋር ለሰው እናቶች ሰጥተው ውጤቱን አሳተሙ። ከመውለዷ በፊት ለእናቲቱ የሚሰጠው ያ መርፌ የልጁን ሳንባ ብስለት ያፈጥነዋል። ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሰጣል።

ከዚያ በ1980 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለአሥር ሕፃናት ሰጠ። እንደ ጉም አላስተነፈሰም፤ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧቸው አፈሰሰው። በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅናቸው ተሻሻለ፣ ራጃቸው ጠራ። የሃያ ዓመት ክርክር በአሥር ልጆች ተፈታ ማለት ይቻላል። ክሌመንትስም ወደ መጀመሪያ ግኝቱ ተመልሶ ሰው ሠራሽ ሰርፋክታንት አዘጋጀ፤ እንዲሰራጭ የሚረዳ ነገር ጨምሮበት። በ1990 በአሜሪካ ተፈቀደ። ይሄ ሰው የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ስሙን አስፍሮ ነበር። ማስረጃው ሲለወጥ ግን እጁን ሰብስቦ አልተቀመጠም።

የደም ሥሩ ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ይሄን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በተለይ ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተወለዱት መካከል የሳንባቸው የደም ሥር አልፈታም የሚል ልጆች አሉ። ለእነሱ ከ1992 ጀምሮ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል የሚተነፈስ ጋዝ መጥቷል። የሲንጋፖሩ ሐሳብ እነዚህ ልጆች ላይ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር።

ፈቃድ

ይሄ ሁሉ እውቀት የተገኘው ከሞቱ ልጆች ነው። ከእያንዳንዱ ሳንባ ጀርባ እናት አለች። እንግሊዝ ውስጥ ሊቨርፑል ባለው አልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል ከ1988 እስከ 1995 የልጆች ልብና ሌላ አካል ወላጅ ሳያውቅ ተቀምጦ እንደነበረ በ2001 የወጣው የምርመራ ሪፖርት አጋልጧል። ልጃቸውን ሙሉ አድርገው የቀበሩ የመሰላቸው ወላጆች ዳግም ለመቅበር ተመለሱ። አገሪቱ ሕጓን ለወጠች። ፈቃድ ያልተጠየቀበት ምርምር ከሚያስተምረው በላይ ያቆስላል።

እኛ ጋ

ይሄን ጉዳይ የቦስተን ታሪክ ብቻ አድርጌ ልተወው አልችልም። ከጁላይ 2016 እስከ ሜይ 2018 ድረስ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች፣ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ፣ በጎንደርና በጅማ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ተጠንቷል። ውጤቱ በ2019 ወጣ። ጥናቱ ውስጥ የገቡት 4,919 ሕፃናት ናቸው። ከእነሱ 3,852ቱ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኙ። 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ።

የሞታቸውን ምክንያት ሐኪሞች ተሰብስበው ነው የወሰኑት። የሕክምና መረጃውን፣ የደም ምርመራውን፣ ወላጆች በፈቀዱት ላይ ደግሞ የአስከሬን ምርመራውን አዩ። ሁለት ዓይነት ምርመራ ነበር። አንዱ ሙሉው ነው። ሌላው በመርፌ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ትንሽ ናሙና መውሰድ ነው፤ ገላው አይከፈትም። እኛ አገር ሰው ሲሞት ቶሎ ነው የሚቀበረው። ሬሳውን አትንኩብኝ የሚል እናትና አባት ብዙ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሐዘን ላይ ቆመው እሺ ያሉት ወላጆች ግን ትልቅ ነገር ሰጥተዋል። ሐረርና ቀርሳ ላይ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው ቻምፕስ የሚባለው የሕፃናት ሞት ጥናትም ይሄንኑ የመርፌ ምርመራ ይጠቀማል።

ምን አገኙ? ከ1,109ኙ 502ቱ፣ ማለትም 45 በመቶው፣ የሞቱት በዚሁ በሳንባ አለመከፈት ነው። 331ዱን ኢንፌክሽን፣ 151ዱን ደግሞ መታፈን ወስዷቸዋል። በ1963 ፓትሪክ ኬኔዲን የገደለው ነገር በ2018 ጎንደርና ጅማ ላይ የመጀመሪያው ገዳይ ነበር። ፓትሪክ የተወለደበት ጊዜ፣ ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ክልል ውስጥ ካሉት 1,975 ልጆች 349ኙ ሞተዋል፤ 18 በመቶ ነው። ከ28 እስከ 31 ሳምንት የተወለዱት ላይ ደግሞ 54 በመቶ ይደርሳል።

አንድ ቁጥር አለ፣ ከሁሉ በላይ የቆየብኝ። ከሞቱት 770ው፣ 69 በመቶ ማለት ነው፣ የሰውነታቸው ሙቀት ወርዶ ነበር። ብርድ ለሞታቸው አስተዋጽኦ አድርጓል። ያ የተወቀሰው የደም ሥር እዚህ ጋ ተመልሶ ይመጣል። ልጅ ሲበርደው ሙቀት ለመሥራት ኦክስጅን ያቃጥላል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል። አሲድና የኦክስጅን እጥረት የሳንባን የደም ሥር ያጠብባሉ። ሰንሰለቱ እንደገና ይዞራል። ይሄኛውን ጫፍ መቁረጥ ውድ መድኃኒት አይፈልግም። ቶሎ ማድረቅ፣ ኮፍያ ማድረግ፣ እናቲቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማስተኛት ነው።

ሰርፋክታንት ውድ ነው፤ ብዙ ቦታ አይደርስም። ሲፓፕ ግን ይደርሳል። በየሆስፒታሉ በሚታየው ቀላሉ ዓይነት ከአፍንጫ የሚወጣው ቱቦ ጫፉ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠለቃል። የጠለቀበት ጥልቀት ግፊቱን ይወስናል። አየሩ በቱቦው እስከፈሰሰ ድረስ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይንቦጫቦጫል። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሌሊት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት እሱን ነው። ድምፁ ሲቆም ነርሷ ቀና ትላለች። ቱቦው ካፍንጫው ወጥቶ ይሆናል፤ ሄዳ ትመልሰዋለች።